የቅናት ቅኝት

«አንተ አንካሳ ፍየል! አልጨረስክም?»

ጉኑልቭ የመድረኩን ጥቁር መጋረጃ በቀንዱ ገፍቶ ብቅ አለ። ቀንዱ የምር የፍየል ቀንድ ነው፤ ከቆዳ ቆብ ጋር በብሎን ተይዟል። ከቀንዱ ሥር ፊት አለ ይባላል፤ ጢሙ ስለወረሰው ግን ከእናቱ በቀር ያየው የለም።

«አንድ ክር ቀርቶኛል» አለ ታላክ ቀና ሳይል።

«ከሩብ ሰዓት በፊትም አንድ ክር ነበር የቀረህ።»

«ይሄ እንዳንተ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቁልፍ ስላዞርክ ብቻ የሚነሳ መሰለህ?»

«የኔ አውቶቡስ እንኳ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ አድሮ ይነሳል!» ብሎ ጉኑልቭ እየሳቀ ሊመለስ ሲል ቀንዱ መጋረጃው ላይ ተጠመደበት። መላቀቂያ አጥቶ ትንሽ ከጨርቁ ጋር ታገለ፤ የጨርቁንም እናት ሰደበ፤ ከዚያ ጠፋ።

ታላክ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ፌለውን ጭኑ ላይ አጋድሟል። ፌለ የሸለቆው ሰው ቫዮሊን ነው። ከላይ አራት ክር አለው፤ ከነሱ ሥር ደግሞ ጣትም ደጋንም የማይነካቸው ሌሎች አምስት ክሮች ተወጥረዋል። የላዮቹ ሲመቱ የታቾቹ ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ያንጎራጉራሉ። ጀማሪ የላዮቹን ቃኝቶ ይነሳል። ሙያተኛ ከታቾቹ ይጀምራል፤ ዕድሜውንም የሚጨርሰው ከነሱ ጋር ሲጨቃጨቅ ነው። ላዩ ምንም ቢያምር ታቹ ካኮረፈ ፌለው ሬሳ ነው።

ይሄኛው ፌለ የታላክ ነው፤ ከአያቱ የወረሰው። አንገቱ ጫፍ ላይ የተቀረጸው አንበሳ ምላሱን አውጥቶ ያፌዛል። አንድ ጥርሱን ታላክ በአምስት ዓመቱ አውልቆበታል። ታላክ ራሱን ካወቀ ጀምሮ ይህ ፌለ የሚሸተው የጥድ ሙጫና የአያቱን ትምባሆ ነበር። አሁን አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተው። የእጅ ቅባት ሸተተው። ፖም ፖም የሚል የእጅ ቅባት።

«ፖም!» አለ ለአንበሳው። «አንተስ ዝም ብለህ ትቀባለህ?»

አንበሳው ምላሱን እንዳወጣ ቀረ።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ታላክ በመፍለጫ ማሽን ግንድ ሲፈልጥ ማሽኑ ከግንዱ ጋር የግራ እጁን የቀለበት ጣት አብሮ ለመፍለጥ ሞከረ። ጣቱ ባይቆረጥም አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። እሱና ጉኑልቭ የሚጫወቱበት የሜታል ሙዚቃ ባንድ ስም ደግሞ «የቶር ፍየሎች» ነው። የነጎድጓድ አምላክ ቶር ሰረገላውን የሚጎትቱለትን ሁለት ፍየሎች አርዶ ይበላቸዋል፤ በማግስቱ በመዶሻው ሲባርካቸው ተነስተው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። አጥንታቸው ካልተሰበረ ነው ታዲያ። አንድ ጊዜ አንዱ እንግዳ መቅኔ አማረውና የጭን አጥንት ሰበረ፤ ፍየሉ በማግስቱ እያነከሰ ተነሳ። ጉኑልቭ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ፣ በፋሻ የተጠቀለለውን ጣት አይቶ፣ ከአበባውና ከሰላምታው በፊት «አንካሳው ፍየል!» አለ። ስሙ በዚያው ጸና።

«ለሁለት ሳምንት የምትተካህ አንዲት ልጅ አግኝተናል» አለው ያኔውኑ።

ሁለቱ ሳምንት ይኸው ሐምሌ ገባ።

ልጅቱ ኦስነ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ነው፤ የምትጫወተውም በታላክ ፌለ ነው። ታላክ ስምንት ወር ሙሉ እንከን ሲፈልግባት ከረመ። ታረፍድ እንደሆነ ብሎ ሰዓት ይዞ ጠበቃት፤ አሥር ደቂቃ ቀድማ መጣች። ትኮራ እንደሆነ ብሎ አመሰገናት፤ «የተማርኩት ካንተ አይደል እንዴ! በዘጠኝ ዓመቴ ከአባቴ መኪና ውስጥ ካሴታችሁን ሰርቄ አልጋ ሥር ደብቄዋለሁ» አለችው። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት እንዴት ያለ አድካሚ ሥራ ነው! ታላክ በብርዱ ወራት የመንገድ በረዶ ጠራጊ መኪና ይነዳል፤ በበጋ የመንገድ ዳር ሣር ያጭዳል። መሪው ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ የሚጠላበት ምክንያት ሲፈልግባት ይውልና ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል።

ባዶ እጁን የገባው እስከ ሚያዝያ ነው። ሚያዝያ ላይ ውሸቱን ወሰደችበት።

«የቶር ፍየሎች» መድረክ በወጡ ቁጥር፣ ከመጨረሻው ዜማ በፊት፣ ታላክ የሚያወራው አንድ ወሬ ነበረው። ፏፏቴ ውስጥ ግሪም የሚባል ፍጡር ይኖራል። ፌለ መማር የፈለገ ሰው ሐሙስ ቀን ሥጋ ይዞ ይሄድና ፊቱን አዙሮ ይወረውርለታል። ሥጋው ጮማ ከሆነ ግሪም የሰውየውን ጣቶች ይዞ ደም እስኪወጣቸው ክሩ ላይ ይጎትታቸዋል፤ ያ ሰው ከዚያ ወዲያ ሲጫወት ዛፍ ይጨፍራል። ሥጋው ስስ ከሆነ ግን መቃኘቱን ብቻ አስተምሮ ያባርረዋል፤ ሰውየው ሲቃኝ ይኖራል፣ ሲቃኝ ይሞታል። ይህን ሸለቆው ሁሉ ያውቃል። የታላክ ጥበብ የወረወረው ሥጋ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አንድ የበግ ጭን ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግማሽ በግ ሆነ። በአሥራ አምስተኛው ዓመት የአማቱን ተሸላሚ አውራ በግ ከነቃጭሉ ወረወረ፤ ቃጭሉም እስከ ዛሬ ከውኃው ሥር ሲያቃጭል ይሰማል። አማቱ ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ በጉ በረት ውስጥ ድርቆሽ እያመነዠከ መሆኑን እያወቀች፣ እጇ እስኪቀላ ታጨበጭብ ነበር።

«ታላክዬ፣ የፏፏቴውን ወሬ እኔ ባወራው ቅር ይልሃል?» አለችው ኦስነ።

«ኧረ ምን ቅር ይለኛል!» አለ።

ኦስነ ሥጋ አትበላም። ስለዚህ በሷ ወሬ ውስጥ ለግሪም የተወረወረው የባቄላ ቋሊማ ነው። ግሪም አንዴ ገምጦ መልሶ ወረወረላት፤ ቋሊማው ግንባሯን መታት፤ «ይሄንንስ ራስሽ ብዪው፣ በነጻ አስተምርሻለሁ» አላት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ታላክ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ከዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል የአማቱን ለየ። ለአውራ በጉ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

ሆዱ ውስጥ ያለችው የታች ክር፣ ማንም ሳይነካት ማንጎራጎር የጀመረችው ያን ቀን ነው።

«ብላ» አለች ሚስቱ ዮሩን። ከኋላው መቼ እንደመጣች አላያትም። በልብ ቅርጽ የተጋገረ ትኩስ ጣፋጭ ቂጣ፣ ዋፍል፣ በቡናማ አይብ አጥፋ ይዛለች። «ፊትህ የተበላሸ ወተት መስሏል።»

«አልራበኝም።»

«በቅናት ጠግበህ ነዋ።»

«ማን ቀና?»

«ስማኝ ታላክ፣ ሃያ ዓመት አብሬህ ኖሬያለሁ። ባለፈው ሰርግ ላይ የባንኩ ሰውዬ ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስጨፈረኝ። አንተ ምን አልክ? ‹የጫማህ ክር ተፈቷል› ነው ያልከው። ለሱ! አሁን አንዲት ልጅ እንጨትህን ብትነካብህ ስምንት ወር አኮረፍክ።»

«እንጨት አይደለም።»

«አዎ እኮ። እንጨቷስ እኔ ነኝ።»

ታላክ ሊስቅ ፈልጎ አልመጣለትም። «ጣቴ ድኗል፣ ዮሩን። ጋራዥ ውስጥ ሰምተሽኛል።»

«ሰምቼሃለሁ። ዝግ ያሉትን አሳምረህ ትጫወታለህ።»

«ፈጣኖቹንስ?»

ዮሩን ዋፍሉን ሣጥኑ ጫፍ ላይ አስቀመጠችለት። «ሲቀዘቅዝ አይጥምም» ብላ ሄደች። ስለ ዋፍሉ ይሁን ስለ ሌላ አላወቀም።

ፈጣኖቹማ ጉድ ናቸው። ጣቱ፣ ገበታ ተነስቶ ሰው ሁሉ እጁን ከታጠበ በኋላ እንደሚደርስ እንግዳ ነው። ቢሆንም ታላክ ለጉኑልቭ «ድኛለሁ» ብሎታል። ጉኑልቭም «እንግዲያው ከዛሬው ትርዒት በኋላ ገንፎ እየበላን እንወስናለን፤ በመኸር ጀርመን አገር የሚሄደው፣ አልበሙም ላይ የሚጫወተው፣ ወይ እሷ ናት ወይ አንተ ነህ» ብሎታል። ዛሬ ኦስነ ብትሰናከል ቦታው የሱ ነው። ካልተሰናከለች ታላክ ሲቃኝ ይኖራል።

አራተኛዋ የታች ክር ልኳን ይዛ ተቀምጣለች። ጆሮውን አስጠግቶ ሰማት። እንከን የላትም።

መቃኘት ያስተማሩት አባባ ሃልቫርድ ናቸው፤ ዛሬ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። እሳቸው መለኪያቸው የዝንብ እግር ነበር። «አንድ የዝንብ እግር አጥብቅ» ይሉታል፤ «ኧረ በዛ! ግማሽ የዝንብ እግር መልስ!» ታላክ በሰባት ዓመቱ እውነተኛ ዝንብ ይዞ ሊለካ ሞክሮ ያውቃል።

መቃኛዋን ያዘ። ወደ ታች አላላት። አንድ የዝንብ እግር። ዘወር ብሎ አየ፤ ማንም የለም። ሁለት። አንበሳውን አየ። ሦስት።

የላዮቹን አልነካቸውም። የላዮቹ ቢላሉ ማንም ሰምቶ ይስቅበታል። የታች ክር ግን ብልጥ ናት፤ ልክ ስትስት የሚጫወተው ሰው «ፌለው ዛሬ ምን ነካው? እኔንስ ምን ነካኝ?» እያለ ራሱን ይጠራጠራል። ጀምሮ ያመነታል፤ ያመነታ ይሰናከላል። ይህን ሊሠራ የሚችለው ዕድሜ ልኩን የቃኘ ሰው ብቻ ነው።

«ደረሰ?» አለች ኦስነ እየሮጠች መጥታ። ፀጉሯ ሁለት ጉንጉን ሆኖ፣ ግንባሯ ላይ ትንንሽ የጥቦት ቀንዶች አስራለች። ከሩቅ ፖም ፖም ትላለች።

«ደርሷል። ሞክሪው።»

«አንተ የቃኘኸውን ምን እሞክረዋለሁ? እናቴ የጋገረችውን ዳቦ እንደመመርመር ነው።» ፌለውን ተቀብላ ጉንጩን ሳመችው። «ዋፍሉን አትበላውም?»

«ውሰጂው።»

ልጅቱ ዋፍሉን በአንድ ጉርሻ ውጣ ወደ መድረክ ሮጠች። ታላክ አፉን ከፈተ። «ቆይ» ሊል ነበር፤ አምላክ ምስክሩ ነው፤ «ቆይ» ሊል ነበር። ያኔ ጊታሮቹ ፈነዱ። ጉኑልቭ ሲጮህ ከተራራው ማዶ ያሉ ላሞች ወተት ይነጥፋሉ ይባላል። ይህ ማጋነን ነው፤ የነጠፉት ሁለት ብቻ ናቸው።

ታላክ በመድረኩ ጎን፣ ከስፒከሩ ጀርባ ቆመ። ከፊቱ ሜዳው በሰው ተሞልቷል። ጥቁር ቲሸርት የለበሰው ወጣት ፀጉሩን ያወናጭፋል፤ ከወጣቱ መሃል ደግሞ የብር ቁልፍ ያለው የባህል ልብስ የለበሱ ሽማግሌዎች ቴርሞሳቸውን ታቅፈው በተጣጣፊ ወንበር ተቀምጠዋል። ከሁሉም ፊት አባባ ሃልቫርድ አሉ፤ ሁለቱን ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነዋል። «ሜታል እወዳለሁ፤ ድምፁን ብቻ ነው የማልወደው» ይላሉ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ዜማዎች አለፉ። በዚያ ነጎድጓድ ውስጥ እንኳን አንዲት የታች ክር፣ አንድ በሬ ቢያገሳ አይሰማም። ኦስነም ጆሮዋን ደፍና ነው የምትጫወተው፤ ጣቷ ግን ሲሮጥ ለታላክ ይታየዋል። ያ ቦታ፣ የሱ ጣት ሁልጊዜ የሚያረፍድበት ቦታ፣ ለሷ እንደ ቤቷ ደጃፍ ነው።

ከዚያ የፏፏቴው ወሬ መጣ። ቋሊማው ተወረወረ፤ ሜዳው ሳቀ። ጊታሮቹ ዝም አሉ። የፏፏቴው ዜማ ሲጀመር ፌለው ብቻውን ነው። ኦስነ የአንድ ጆሮዋን መድፈኛ አወጣች፣ ደጋኑን አነሳች፣ የመጀመሪያውን ኖታ ጎተተች።

ፌለው አለቀሰ።

ሌላ ቃል የለውም። ከአንበሳው ጉሮሮ ሥር አንድ የማይገባ ድምፅ ወጣ፤ ግልገሏ የጠፋባት በግ ድምፅ። የፌለው ሆድ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ማይክ ያን ድምፅ ተቀብላ በስምንት ስፒከር አድርጋ ሸለቆው ላይ ለቀቀችው። ኦስነ ደጋኗን አቆመች። ፊቷ ነጭ ሆነ።

«መጣ!» አለ የታላክ ሆድ። ልቡ ዘለለ። ደስታ ይመስል ነበር፤ ግን አፉ ውስጥ የዝገት ጣዕም ነበረው።

ልጅቱ ፌለውን አየች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ሰው እንደምታዳምጥ ሁሉ፣ ጆሮዋን ሰጠችው። ከዚያ ያንኑ ኖታ ደገመችው። አለቀሰ። ሦስተኛ ጊዜ፣ ይበልጥ አስረዝማ ጎተተችው፤ በጓ ግልገሏን ስትጠራ፣ ግልገሉ ደግሞ ከውኃው ሥር ሲመልስ ተሰማ። ኦስነ በፈገግታ ዓይኗን ጨፈነች። ዜማውን በዚያች በተበላሸች ክር ዙሪያ ታዞረው ጀመር፤ ትርቃትና ትመለሳለች፣ ትረሳትና ትጠራታለች። ፀጉራቸውን ሲያወናጭፉ የነበሩት ወጣቶች ቀጥ ብለው ቆሙ። ጉኑልቭ መግባት ያለበትን ቦታ ረስቶ ቀንዱን ይዞ ቀረ። አባባ ሃልቫርድ ቀስ ብለው ከግራ ጆሯቸው ጥጡን አወጡ።

ጊታሮቹ በስተመጨረሻ ሲገቡ ሜዳው እንዴት እንደጮኸ መናገር አይቻልም። ወንዙ ለአፍታ ሽቅብ ፈሰሰ ቢባል ከነበሩት ውስጥ የሚከራከር የለም።

ታላክ መርዝ ብሎ ያቀበላትን ጠጅ አድርጋ ጠጣችው። ከዚያ የከፋውን ደግሞ ሰማ።

«ይሄን ቅኝት» አለች ኦስነ በማይክ፣ እያለከለከች፣ «ይሄን ቅኝት እኔ አላውቀውም ነበር! ሳይነግረኝ የቃኘልኝ ታላክ ነው! ታላክ፣ ና ውጣ!»

ሜዳው «ታ-ላክ! ታ-ላክ!» አለ። ስምንት ወር የናፈቀው ጩኸት ነበር። ጉኑልቭ ክንዱን ይዞ ጎተተው። ታላክ ወጥቶ እጁን አወዛወዘ፤ እጁ የሌላ ሰው እጅ መሰለው።

ከትርዒቱ በኋላ፣ ገመድ እየጠቀለለ ሳለ፣ የከዘራ ድምፅ ሰማ። አባባ ሃልቫርድ ጥጣቸውን በጣታቸው እያድበለበሉ መጡ።

«አራተኛዋ የታች ክር» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ሦስት የዝንብ እግር።»

ታላክ ገመዱን ለቀቀው።

«አንድ ቢሆን ክሩ አርጅቶ ነው እል ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ሁለት ቢሆን ሙቀቱ ነው እላለሁ። ሦስት ግን ሰው ነው።»

አባባ ሃልቫርድ የቢራ ሣጥኑ ላይ እያቃሰቱ ተቀመጡ።

«ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የፌለ ውድድር ነበር። እኔ ሁለተኛ መውጣት ሰልችቶኝ ነበር። የአንደኛውን ሰውዬ ደጋን፣ ፀጉሩን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቅቤ ቀባሁት።»

«ቅቤ!»

«ጨው የሌለው። መድረክ ወጥቶ ጎተተ፤ ምንም። ጎተተ፤ ምንም። አንድ ድመት ስትራመድ ይበልጥ ትሰማለች። እኔ አንደኛ ወጣሁ። የብር ማንኪያ ተሸለምኩ።»

«ማን ነበር ሰውየው?»

«አያትህ።»

ታላክ ሽማግሌውን አፍጥጦ አያቸው።

«አያቴ ምን አሉ?»

«ምንም። በዓመቱ ቤቱ ጠርቶኝ ይሄንኑ የፏፏቴውን ዜማ አስተማረኝ። ከዚያ ወዲህ በተጫወትኩት ቁጥር ቅቤ ይሸተኛል።»

«ነገሯቸው?»

«ነግሬዋለሁ።» አባባ ሃልቫርድ ጥጡን መልሰው ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ። «ቀብሩ ላይ። አልመለሰልኝም።»

ገንፎው የቀረበው ከወንዙ ዳር፣ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የክሬም ገንፎ፣ ቅቤው ላዩ ላይ ተንሳፍፎ፣ ቀረፋና ስኳር ተነስንሶበት። ታላክ ቅቤውን አይቶ ሳህኑን ትንሽ ገፋ አደረገው። አባባ ሃልቫርድ ማዶ ተቀምጠዋል። ፌለው ኦስነ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተጋድሟል። ዮሩንና እናቷ ከጠረጴዛው ጫፍ ናቸው።

ጉኑልቭ ማንኪያውን ብርጭቆ ላይ አንኳኳ። «በአጭሩ፣ መወሰን ያለበት ተወስኗል። የፌለ ተጫዋቻችን ኦስነ ናት። ታላክ፣ ክፉ እንዳይሰማህ፤ ጣትህ እኮ ከኔ አያት ቀድማ ጡረታ ወጥታለች።»

«አውቃለሁ» አለ ታላክ።

«ግን አንተም ከኛ ጋር ትሄዳለህ! ቃኚያችን ነህ። የዛሬውን ቅኝት አልበሙ መክፈቻ ላይ ነው የማደርገው።»

«እኔ ደግሞ ጠይቄያቸዋለሁ» አለች ኦስነ፣ ጉንጯ በገንፎ ተነፍቶ። «ዝግ ያሉትን ሁለቱን አንተ ትጫወታለህ። አይሆንም ካሉ እኔም አልሄድም አልኳቸው።»

ይሄኛው ከሁሉ የባሰ ነበር።

ጉኑልቭ ከኪሱ የተጨማደደ ወረቀትና ብዕር አወጣ። «እሺ፣ ስም። ቅኝት ሁሉ ስም አለው። የጭራቅ ቅኝት፣ የንጋት ቅኝት... ይሄኛው ማን ይባላል? ከየት አመጣኸው?»

ሁሉም ወደ ታላክ ዘንበል አሉ። አማቱ ማንኪያዋን አየር ላይ አቆመች። ውሸቱ ደግሞ መጣለት፤ ሙሉ ሆኖ፣ ለብሶ አጊጦ መጣ። አያቱ ናቸው፤ በረዶው ጣሪያ በደረሰበት ዓመት፤ ለግሪም አንድ ሙሉ በሬ ከነቀንበሩ ወረወሩለት፤ ግሪም ጠግቦ አልቅሶ ይህን ቅኝት ሰጣቸው፤ «ከልጅ ልጅህ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ» ብሎ። ከአውራ በጉ ይበልጣል። ከቋሊማው ይበልጣል። በዕድሜው እንዲህ ያለ ውሸት መጥቶለት አያውቅም።

«የቅናት ቅኝት» አለ።

ጉኑልቭ ብዕሩን አቆመ። «የቅኝት ቅኝት? እሱማ ምን ማለት ነው?»

«ቅናት። ቅናት ነው ያልኩህ።»

ጉኑልቭ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ፤ ቀንዱ ገንፎው ውስጥ ገባ። «የቅናት ቅኝት! ይሄ ከአውራ በጉም በለጠ!» ሌሎቹም ሳቁ። ዮሩን አልሳቀችም። ኦስነም አልሳቀችም፤ ዓይኗን ወደ ፌለው አወረደች፣ አራተኛዋ መቃኛ ላይ።

«ስንት ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«ሦስት የዝንብ እግር።»

«ሆን ብለህ?»

«እንድትሰናከዪ።»

ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። የኦስነ ፊት ቀላ። ታላክ ስምንት ወር የፈለገውን እንከን አሁን አገኘው፤ ስትቆጣ አገጯ እንደ ሕፃን ይንቀጠቀጣል። አልጣመውም።

«ቀልድህን ነው አይደል?» አለ ጉኑልቭ፣ ከቀንዱ ላይ ገንፎ እየጠረገ። «አንተ ልጅ፣ ቀልድህን ነው በል። ይሄ ሰውዬ እኮ እውነት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም!»

በሩ ተከፍቶለት ነበር። «አዎ» ቢል ሁሉም ወደ ገንፎው ይመለሳል። ታላክ እጁን ዘርግቶ ብዕሩን ከጉኑልቭ ጣቶች መሃል ወሰደ። ወረቀቱን ወደ ራሱ ጎተተና በደንብ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው፣ ጻፈ፦ የቅናት ቅኝት። አራተኛ የታች ክር፣ ሦስት የዝንብ እግር ወደ ታች። ታላክ።

ከዚያ ወረቀቱን ለኦስነ አሳለፈላት።

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። አባባ ሃልቫርድ ማንኪያቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር። ኦስነ ተነሳች፤ ለታላክ የምትሄድ መሰለው። ፌለውን አንስታ በጠረጴዛው ዙሪያ ዞራ መጣችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ሳታሳስቅ፣ ሳትስቅ፣ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«መልሰህ ቃኘው» አለች። «እዚሁ። እኔ እያየሁ።»

ታላክ ሳህኑን ገፋ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ፌለውን አጋደመና ከታቾቹ ጀመረ።